ብራችሁን ከማን ነው የምትከላከሉት? እቁብ፣ ባንክ፣ ዕቃ ወይስ ዘመድ ጋ

የድሮ መሥሪያ ቤቴ ሒሳብ ሹም ለ1 ብር ልዩነት እስከ ማታ 2 ሰዓት ቢሮ የሚያመሹ ሰው ነበሩ። ደሞዝ በገባ ማግስት ግን ከሾፌሮቹና ከጽዳት ሠራተኞቹ ጋር ተሰልፈው እቁብ ይጥላሉ። አንድ ቀን ደፈር ብዬ፣ "ጋሼ፣ እርስዎ ሒሳብ እያወቁ ወለድ የሌለው ቦታ ብር ያስቀምጣሉ?" አልኳቸው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ከላይ በኩል አዩኝ። "ልጄ፣ ሒሳቡንማ አውቀዋለሁ። ራሴንም አውቀዋለሁ።"

ያኔ ሳቅኩ። ዛሬ አልስቅም። ከዚያ ወዲህ በባንክም፣ በእቁብም፣ አልጋ ሥር በደረደርኩት ሴራሚክም ብር አስቀምጬ አይቻለሁ። የሴራሚኩን ጉድ ቆይተን እናመጣዋለን።

ሰው ስለ ቁጠባ ሲያማክር "የትኛው ይሻላል?" ይላል። ወሬው ወዲያው ወለድ ላይ ይሄዳል። ለኔ ከወለድ በፊት የሚመጣ ጥያቄ አለ። ብራችሁን የሚበላባችሁ ማን ነው? የአንዱን ብር ኑሮ ውድነት ይበላዋል። የሌላውን የገዛ እጁ ይጨርሰዋል። የሌላዋን "እስከ ሰኞ ብቻ" የሚሉ ዘመድ ወዳጆች ይቀራመቱታል። አራተኛም አለ፤ ብሩን አደራ ያልነው ሰው ራሱ። እቁቡም፣ ባንኩም፣ ዕቃውም አንዱን ሌባ ሲከለክል ለሌላው በር ከፍቶ ነው። በዚህ ዓይን እንያቸው።

የእቁብ ሒሳብ በእርሳስ

10 ሰው፣ በወር 5,000 ብር፣ 10 ወር እንበል። በየወሩ አንድ ሰው 50,000 ብር ያነሳል።

መጀመሪያ የደረሰው ብድር ወስዷል ማለት ነው፤ ያውም ያለ ወለድና ያለ ንብረት መያዣ። በዓመት 18 በመቶ ከሚያስከፍል አበዳሪ ወስዶ በዚሁ አከፋፈል ቢመልስ ኖሮ ወደ 3,375 ብር ወለድ ይከፍል ነበር። መጨረሻ የደረሰው ደግሞ አበዳሪ ነው። በየወሩ የጣለውን 5,000 ብር 7 በመቶ በሚከፍል የባንክ ደብተር ቢያስገባው ኖሮ በ10ኛው ወር 1,312 ብር ገደማ ወለድ ይኖረው ነበር። እቁቡ ይህን አይሰጠውም። በደረቅ ሒሳብ ፊተኛው አተረፈ፣ ኋለኛው ከሰረ።

እኔ ግን ያንን 1,312 ብር የዘበኛ ደሞዝ ነው የምለው። 50,000 ብሬን ለ10 ወር ከራሴ የሚጠብቅልኝ ዘበኛ በወር 131 ብር ይከፈለዋል። ርካሽ ነው።

ርካሽ መሆኑን ያወቅኩት ያለ ዘበኛ ሞክሬው ነው። ሒሳብ ሹሙ ላይ በሳቅኩበት ዓመት ጎበዝ ነኝ ብዬ በየወሩ 5,000 ብር በራሴ ደብተር ማስገባት ጀመርኩ። አስገባሁም፤ አንድም ወር አልዘለልኩም። በ10ኛው ወር 50,000 ብርና ወለዱ መኖር ሲገባው የነበረው 11,000 ከምናምን ነው። የቀረውን ብፈልገው ጫማ ሆኗል፣ የጓደኛ ሠርግ ሆኗል፣ ሁለት ሦስት የቅዳሜ ምሽት ሆኗል። ትልቅ ነገር የገዛሁበት የለም። ተቆንጥሮ ተቆንጥሮ አለቀ።

ይህ የኔ ብቻ ጠባይ አይደለም። ናቫ አሽራፍ፣ ዲን ካርላን እና ዌስሊ ዪን የተባሉ አጥኚዎች ፊሊፒንስ ውስጥ ከአንድ ባንክ ጋር ሆነው ለደንበኞች አንድ ለየት ያለ ደብተር አቀረቡ። ወለዱ እንደ ማንኛውም ደብተር ነው። ልዩነቱ ባለቤቱ ራሱ የወሰነው ቀን ወይም የብር መጠን እስኪደርስ ድረስ ማውጣት አይችልም። ስሙት እንግዲህ፣ ምንም ጭማሪ ሳይከፈለው የራሱን ብር ቆልፉብኝ የሚል ማን አለ? ከተጠየቁት ውስጥ 28 በመቶው ቆልፉብኝ አሉ። ከዓመት በኋላ ሲታይ ዕድሉ የተሰጣቸው ሰዎች ቁጠባ ካልተሰጣቸው በ81 በመቶ ነጥብ በልጦ አደገ። ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። የኛ እናቶች ይህን መቆለፊያ ያለ ባንክ፣ በደብተርና በእስክሪብቶ ብቻ ሲሠሩበት ኖረዋል።

የመማሪያ መጽሐፍ ምጣኔ ሀብት ብር ብር ነው ይላል። 5,000 ብር የትም ኪስ ቢቀመጥ ያው 5,000 ብር ነው። ኑሯችን እንዲህ አይደለም። "የልጆቹ ትምህርት ቤት ብር" የሚባል ብር አለ፣ ጾማችንን እናድራለን እንጂ አይነካም። እ.ኤ.አ. በ2017 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሪቻርድ ቴለር ይህንን ጠባይ የአእምሮ ሒሳብ አያያዝ ብሎ አጥንቶታል። ሰው በጭንቅላቱ ውስጥ ትንንሽ ኪሶች ሰፍቶ በያንዳንዱ ላይ ስም ይጽፋል። "የእቁብ ብር" ከነዚህ ስሞች ሁሉ ጠንካራው ይመስለኛል። ጓደኛችሁ "አበድረኝ" ሲላችሁ "ባንክ ያለኝን አልሰጥህም" ማለት ያስቀይማል። "የእቁብ ብር ነው" ስትሉት ግን ራሱ "ውይ፣ እሱንማ አትንካ" ብሎ ይመለሳል።

የቤት ውስጡም አለ። ሲዋን አንደርሰን እና ዣን ማሪ ባላን ናይሮቢ ኪቤራ ሰፈር ውስጥ የእቁብ ዓይነት ማኅበራትን አጥንተው ነበር። እዚያ ያሉ ሴቶች እቁብ የሚገቡበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ብሩን ከባል ፈጣን ወጪ ለማሸሽ እንደሆነ ጽፈዋል። ኪቤራ ሩቅ ነው የሚል ካለ የሰፈሩን የሴቶች እቁብ ሰብሳቢ ይጠይቅ።

በልቶ የጠፋ

አሁን በተከፈተው በር በኩል እንግባ። እቁብ ከገዛ እጅና ከዘመድ ይጠብቃል። ከኑሮ ውድነት አይጠብቅም፤ በተለይ ኋላ የደረሰውን። ከካጅ ደግሞ የሚጠብቀው ጥሩ ዋስና ጥሩ ሰፈር ካለ ብቻ ነው።

አንድ ጊዜ 30 ሰው ያለበት እቁብ ገባሁ። ጥቅልሉ ትልቅ ነበር፣ ዓይኔን የወሰደውም እሱ ነው። 3ኛው ዙር ላይ አንድ ሰው አነሳ። ለ2 ወር ጣለ። ከዚያ ስልኩ አይሠራም፣ የኪራይ ቤቱ ባዶ ነው። ዋሱ ለካ የገዛ ዘመዱ ነው፤ እሱም "እኔ እንኳ አላገኘሁትም" ይላል። ኪሳራውን የተሸከምነው እስከዚያ ያልደረሰን ነን።

ነገሩን ስታዩት ቀላል ነው። እቁብ ያነሳ ሰው ከዚያ በኋላ የሚጥለው ዕዳ ነው፤ ቢቀር የሚያተርፈው እሱ ነው። እንዳይቀር የሚያደርገው ነገ ተነገ ወዲያ የሚያየው ፊት ነው። ጠዋት ቡና የምትጠጡበት ሰው አይጠፋም። ከሰፈር ከሰፈር እየዞረ ቤት የሚከራይ ሰው ይጠፋል። ስለዚህ የማታውቁት ሰው ካለ ኋላ አድርጉት፤ ብሩን አስቀድሞ ስለጣለ የሚክደው ነገር የለውም። ፊት ለሚያነሳ ሰው ዋሱ ከቤተሰቡ ውጭ ይሁን። የ10 ወር እቁብ ከ30 ወር እቁብ ይሻላል። ሰው በ30 ወር ውስጥ ሥራም፣ ሰፈርም፣ አገርም ይቀይራል።

ዕጣ ስለመግዛትም አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው የሚታለልበት እዚህ ላይ ነው። 9ኛ ሊደርሳችሁ የነበረውን 50,000 ብር በ1ኛው ወር ለማንሳት 3,000 ብር ብትከፍሉ 6 በመቶ ለ8 ወር ከፈላችሁ። በዓመት ሲሰላ 9 በመቶ ነው፣ ከባንክ ብድር ይረክሳል። ያንኑ 3,000 ብር ከፍላችሁ በ2 ወር ብቻ ብትቀድሙ ግን በዓመት 36 በመቶ መሆኑ ነው። "3,000 ብር ምን አላት" ከማለት በፊት ስንት ወር እንደምትገዛላችሁ ቁጠሩ።

ባንክ

ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ያሳደገው በ2010 ዓ.ም መጀመሪያ ነው። በ2014 ዓ.ም ዓመታዊው የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ወጣ። እንዲህ ባለው ዓመት 100,000 ብር ያስቀመጠ ሰው 107,000 ይዞ ይወጣል። ዓምና 100,000 የነበረው አስቤዛ ደግሞ 130,000 ሆኗል። ያለው ብር የዓምናውን አስቤዛ 82 በመቶ ብቻ ይገዛለታል። ደብተሩ ላይ ቁጥሩ አድጓል፤ ጎተራው ጎድሏል። ይህን ያዩ ሰዎች ናቸው ባንክን "ብር የሚቀልጥበት ቦታ" የሚሉት። አልፈርድባቸውም።

ይሁንና ባንክ የሚሰጠውን ሌላ ማንም አይሰጥም። ሌሊት 8 ሰዓት እናታችሁ ታመው ሆስፒታል ቅድሚያ ክፍያ ሲጠይቅ የእቁብ ጸሐፊ አትቀሰቀስም። ሴራሚክም አይሸጥም። በዚያ ሰዓት 7 በመቶ ይሁን 0 በመቶ የሚያስብ የለም። ለዚህ ብር ከዋጋ ንረቱ የሚደርሰውን ጉዳት እንደ መድን ክፍያ ቁጠሩት። እስከ 100,000 ብር ድረስ ያለ ተቀማጭ ደግሞ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ ዋስትና አለው። ወለድ በሃይማኖታቸው ለማይፈቀድላቸውም ከወለድ ነጻ መስኮቶች አሉ፤ ከ2013 ዓ.ም ጀምሮ ዘምዘምን የመሳሰሉ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ የሆኑ ባንኮችም ተከፍተዋል።

የባንክ ችግሩ ስልካችን ውስጥ መግባቱ ነው። ድሮ 500 ብር ለማውጣት ወረፋ ነበር፤ ደብተር ረስታችሁ ቤት ትመለሳላችሁ፤ ስትመለሱ አምሮታችሁ ወጥቷል። ያ ወረፋ ሳናውቀው ዘበኛችን ነበር። ዛሬ አውራ ጣት ይበቃል። ከቴሌብር አገልግሎቶች አንዱ ስሙ "እንደኪሴ" ነው፤ ሒሳባችሁ ላይ ሲጎድል የሚሞላ ብድር። ስም አውጪውን አደንቃለሁ። እቅጩን ነው የተናገረው።

ስለዚህ ባንክ የምትመርጡ ከሆነና እንደኔ እጃችሁን የማታምኑት ከሆነ ሁለት ደብተር ይኑራችሁ። አንዱ ስልካችሁ ላይ ያለ፣ ሌላው ከሞባይል ባንኪንግ ጋር ያልተያያዘ፣ ቢቻል ከቤትም ከሥራም የራቀ ቅርንጫፍ። ትልቅ ብር ካላችሁ የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ጠይቁ። ወለዱ ከተራው ደብተር የሚሻል ከመሆኑም በላይ በድርድር የሚወሰን ነው፤ ያለ ጊዜው ካወጣችሁ ወለዱን ወይም ከፊሉን ስለምታጡ ዘበኛም አለው። ሰው ለጎመን ይከራከራል፣ ባንክ ገብቶ ግን "ስንት ትጨምሩልኛላችሁ?" ማለት ያፍራል።

ዕቃ፣ ወይም የሴራሚኩ ጉድ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ። በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ወር ሳይሞላው ከ100 ብር አለፈ። በዚያ ሰሞን ሁሉም ሰው ብሩን ወደ ዕቃ ለመቀየር ሮጠ። እኔ ከዚያ ቀድሜ ሮጬ ነበር። ቤት ልሠራ ነው ብዬ፣ ቤቱ ሳይጀመር፣ 40 ካርቶን ሴራሚክ ገዛሁ።

ዕቃ ከኑሮ ውድነት ይጠብቃል። ዘመድም ሴራሚክ አበድሩኝ አይልም። እስከዚህ ድረስ ሒሳቡ ልክ ነው። ያላሰላሁት ሌላውን ነው። የተከራየሁት ክፍል ጠበበ። ሁለት ጊዜ ቤት ለቀቅሁ፤ በሁለቱም ጊዜ ለጫኝና አውራጅ ከፈልኩ፤ በሁለቱም ጊዜ ተሰበረ። ልሸጠው ስሄድ ነጋዴው፣ "ወንድሜ፣ ይሄ ዲዛይን አልፎበታል፤ ለአንድ ቤትም አይበቃም" አለኝ። የሰጠኝ ዋጋ ከገዛሁበት ያንሳል። "ከገዛሁበት በታችማ አልሸጥም" ብዬ ተመለስኩ። ካነማን እና ተቨርስኪ የተባሉ የሥነ ልቦና አጥኚዎች እ.ኤ.አ. በ1979 የጻፉት ይህንኑ ነው፤ ማጣት ከማግኘት ይበልጥ ያማል፣ ሰውም ሕመሙን ላለመቅመስ ብሎ ሌላ ኪሳራ ይጨምራል። የገዛሁበት ዋጋ ያለፈ ነገር ነው። መጠየቅ የነበረብኝ "ዛሬ በእጄ ያለው ብር ቢሆን ይህን ሴራሚክ እገዛለሁ?" የሚለውን ነበር። መልሱ አልገዛም ነው። ሴራሚኩ እስካሁን አልጋ ሥር አለ።

በዕቃ መቆጠብ ለምትፈልጉ፣ ምንም ብታደርጉ የምትገዙትን ነገር አስቀድማችሁ ግዙ። ጤፍ ከሁሉም ይሻላል። ነቀዝ አይወደውም፣ በደረቅ ቦታ ለዓመታት ይቆያል፣ እህል በሚገባበት በታኅሣሥና በጥር ዋጋው አብዛኛውን ጊዜ ከክረምቱ ይረጋጋል። መሸጥ የለበትም፤ ትበሉታላችሁ። ሲሚንቶ ግን አታከማቹ፣ ጥቂት ወር ሲቆይ እርጥበት ይዞት ኃይሉ ይቀንሳል። ወርቅ የምትገዙ ከሆነ ለሠራተኛው የእጅ የከፈላችሁት ስትሸጡት እንደማይመለስ እወቁ። ዶላር ከጥቁር ገበያ ገዝቶ ፍራሽ ሥር ማስቀመጥ በሕግ ስለሚያስጠይቅ አልገባበትም።

ወንድሜ ጋ አለ

ዱባይ፣ ቤይሩት ወይም ሪያድ ለሚሠሩ እህቶች አራተኛው ምርጫ ዘመድ ነው። "ብሬ ወንድሜ ጋ አለ።" ይህችን ዐረፍተ ነገር ስሰማ ሆዴ ይባባል።

ወንድሙ የግድ ክፉ ሰው አይደለም። የሆነውን አስቡት። በየወሩ ብር ይገባለታል፣ የብሩ ባለቤት ሩቅ ናት፣ የሚጠይቀው የለም። አባት ይታመማል፣ ከዚያ ይከፍላል። ትንሹ ልጅ ኮሌጅ ይገባል፣ ከዚያ ይከፍላል። ጣሪያው ያፈሳል። እሱ ራሱ ሥራ ይፈታል። እያንዳንዱ ወጪ ምክንያት አለው። 5 ዓመት ሠርታ ስትመለስ ብሩ የለም፤ "በላብኝ" ለማለት ደግሞ አባቷን አሳክሞበታል። ስጦታና ቁጠባ በአንድ ኪስ ከገቡ ስጦታው ቁጠባውን ይውጠዋል።

ስለዚህ የስጦታውን ለይታችሁ፣ ይህን ያህል በወር ብላችሁ፣ በግልጽ ላኩ። የቁጠባውን ግን በስማችሁ ባለ ደብተር አስገቡ። ውጭ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ባንኮች በውጭ ምንዛሪ የሚቀመጥ የዳያስፖራ ሒሳብ ይከፍታሉ። ውክልና የምትሰጡ ከሆነም ቤት ለመሸጥ ለመለወጥ የሚፈቅደውን ሰፊ ውክልና አትስጡ። ቤተሰብን መጠርጠር ነው የሚለኝ ሊኖር ይችላል። ወንድማችሁን በዚያ ሁሉ ፈተና መሐል ብቻውን ማቆሙ ለኔ የባሰ ነው።

ዋሽንግተን አካባቢ እቁብ ለምትጥሉ ሒሳቡ ትንሽ ይለያል። ዶላር እንደ ብር ስለማይቀልጥ ኋላ መድረስ ያን ያህል አይጎዳም። ግን እቁብ በሰዓቱ መጣላችሁን የክሬዲት (የብድር ታሪክ) መዝገብ አያውቀውም። ቤት ልትገዙ ስታመለክቱ ዋሳችሁ ሊሆን አይችልም።

እቁብንና ባንክን የሚያቀላቅል

መሥሪያ ቤታችሁ ውስጥ የቁጠባና ብድር ማኅበር ካለ ሳትመዘገቡ አትቆዩ። ይህ ነገር እኛ ዘንድ በ1950ዎቹ በአየር መንገድ ሠራተኞች ነው የተጀመረው። ብሩ ደሞዝ ሳይደርሳችሁ ይቆረጣል፤ ያላያችሁት ብር ደግሞ አያምርም። ካጠራቀማችሁት በላይ መበደርም ትችላላችሁ። እንደ እቁብ ይቆልፋል፣ እንደ ባንክ ትንሽ ይከፍላል። ከመመዝገባችሁ በፊት ግን የሒሳብ ምርመራ ሪፖርቱን ጠይቁ። የለም ካሏችሁ ቡና ጠጥታችሁ ውጡ።

እኔ ዛሬ እንዴት ነኝ? የ3 ወር ወጪዬ ባንክ ነው፣ ካርድ በሌለው ደብተር። ከዚያ የተረፈው ግማሹ እቁብ፣ ግማሹ ማኅበር ይገባል። ጥር ላይ ጤፍ እገዛለሁ። ወለዱን ብቻ ብታዩ ይህ ምርጥ አደላደል አይደለም። እጁን የሚያምን፣ "አይ" ማለት የማይከብደው ሰው ከዚህ የተሻለ ያገኛል፤ በጊዜ ገደብ ያስቀምጣል፣ ተደራድሮ ወለዱን ያስጨምራል፣ እቁብ የሚገባው ፊት ሊያነሳ ሲያስብ ብቻ ነው። እንዲህ ዓይነት ሰው አይቻለሁ። ብዙ ግን አላየሁም።

ሒሳብ ሹሙ ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት ሲቀራቸው የእቁቡ ጸሐፊ ልታከብራቸው ፈለገች። እሳቸው በየዓመቱ ዕጣቸውን ለቸገረው እየለወጡ መጨረሻ ላይ ነበር የሚያነሱት፤ ዙሩ የሚያልቀው የትምህርት ቤት ምዝገባ አካባቢ ነው። በሒሳብ ከሆነ የመጨረሻው ቦታ ከሁሉም የከሰረው ነው፤ እሳቸው ደግሞ ይህን ከማናችንም ይበልጥ ያውቁታል። "ጋሼ፣ ዘንድሮ እንኳን 1ኛ ይሁኑ፣ ሁሉም ተስማምቷል" አለቻቸው።

"ተዪኝ ልጄ" አሏት፣ 5,000 ብራቸውን እየቆጠሩ። "በእጄ ከገባ አያድርም።"